በሩ ሲዘጋ

አሰላ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ልጅዎ መቅደላዊትስ ደኅና ናት? እዚህ ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የባጃጅ ሾፌሮቹ መስታወታቸውን በሙቅ ውኃ ሲያጥቡ ነው የማገኛቸው።

ከልጅዎ ከዕዝራ ቀብር ወዲህ አንድ ቃል ሳልጽፍልዎት መክረሜ ያሳፍረኛል። ብዙ ጊዜ ወረቀት አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። በዕዝራ ቦታ የላቦራቶሪው ኃላፊ ያደረጉት እኔን ነው። ይህንንም ከሰው ከሚሰሙት እኔ ብነግርዎት ይሻል ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬም ብዕር ያነሣሁት ሥራ አስገድዶኝ ነው።

ያልደወልኩት ጆሮዎ ስልክ መስማት እንዳቆመ መቅደላዊት ስለነገረችኝ ነው። በጽሑፍ ብልክ ደግሞ በእሷ ስልክ ማለፍ አለበት፤ ይህ በእሷ በኩል ባያልፍ ይሻላል። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት ሙንተሲር ነው። በአይሱዙው ብቅል ጭኖ ወደዚያ ይመላለሳል።

ነገሩ የሁዱ ጉዳይ ነው። ገብሱን በአሲድ ስናፈላ ጭሱን ስቦ በጣሪያ የሚያስወጣልን ባለመስታወት ካቢኔ፣ ዕዝራ ስድስት ዓመት የሠራበት። ከጎኑ የተገጠመችውን የአየር መቆጣጠሪያ ለክተው ካሊብሬት ያደረጉት እርስዎ ነዎት። አየሩ በደንብ ሲሳብ አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲደክም ቀይ አብርታ ትጮኻለች። በዕዝራ ጊዜ ስትጮኽ የሰማ ሰው የለም። እሱ ካረፈ በኋላ ሥራ በጀመርንበት ቀን ጮኸች። እስካሁንም አልተወችም።

አሁን ሁዱ ላይ የምትሠራው ሙቢና ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት። ከሲሬና ከጮሌ የገብስ ናሙና መምጣት ጀምሯል። የፕሮቲኑ ውጤት ካልወጣ የገበሬው ገብስ አይሸጥም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዲሪባ መሣሪያዋ ተበላሽታለች ባይ ናቸው። እርስዎ አየሩ በሰከንድ ከ0.4 ሜትር ሲያንስ እንድትጮኽ አድርገው ትተዋታል። እሳቸው ወደ 0.2 አውርጂውና ዝም ትበል ብለውኛል። የምፈርመው ግን እኔ ነኝ።

ቁጥርዎ ትክክል ከሆነ አልነካውም። ስህተት ከሆነ እቀይረዋለሁ። ያን ቀን እንዴት እንደለኩት ቢጽፉልኝ።

አክባሪዎ ለሊሴ


ድሬዳዋ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለሊሴ፣

ኃላፊ መሆንሽን ሰምቻለሁ። ዕዝራም ቢሆን ሌላ ሰው አይመርጥም ነበር። ይቅርታውን ተይው። እኔም ከአሰላ ስወጣ ማንንም አልተሰናበትኩም። እዚህ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ይውላል፤ እኔ ጋቢዬን ለብሼ እቀመጣለሁ። መቅደላዊት ትስቅብኛለች።

አለካኩን ጠየቅሽኝ። መስታወቱን ዕዝራ ሲሠራ እስከሚያነሣበት ከፍታ ድረስ አነሣነው። ክፍቱን በቀይ ክር ዘጠኝ ቦታ ከፈልነው። ክሩን ያሰረው እሱ ነው። ሰውነቴ አየሩን እንዳይጋርደው ወደ ጎን ቆሜ፣ የነፋስ መለኪያውን በየአንዳንዱ ቦታ ያዝኩ። ቁጥሩን እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አማካዩ 0.5 መጣ። ከዚያ ማራገቢያውን አድክመን እንደገና ለካን። ሁለቱን ንባብ መቆጣጠሪያዋን አስያዝናት። ከዚያ ወዲያ ሌላ መሣሪያ አልነካሁም። ጡረታ የወጣሁት በዚያው ወር ነው።

ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። የምትጮኸው ምን ስትሠሩ ነው? ስትጮኽስ ሰው ምን ይላል? አሰላ ውስጥ አንድ ነገር ከሰው ሞት በኋላ ጮኾ ሰው ዝም አይልም።

ቁጥሩ ስህተት ከሆነ እቀይረዋለሁ ብለሻል። አንቺ የምትቀይሪው ቁጥር ነው። ስህተት ከሆነ ግን ልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ መብራት እያየ አሲድ ሲተነፍስ ኖሯል ማለት ነው። መብራቱን ያበራሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሏል። መቅደላዊት አሲዱ ነው ትላለች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ አይሰማም ብላ ለጎረቤት ስትነግር ከከንፈሯ አየሁት።

መልሱን ያገኘሽ ዕለት፣ ምንም ቢሆን፣ ጻፊልኝ።

እንደሻው


አሰላ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

በሙንተሲር በቃል የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ የመቃብሩን ሣር አሳጭደነዋል። ድንጋዩም አልተነቃነቀም። እሑድ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ሰው ምን ይላል ላሉኝ፣ ልጽፍልዎት አልፈለግሁም ነበር። ዕዝራ ነው ይላሉ። የጽዳቷ ዘመናይ ክፍሉን ስትከፍት «እኔ ነኝ፣ ዕዝራ» ሳትል አትገባም። ዕቃ ቤት ያለው ከሊፋ ይቀልድባታል። «በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰውዬ ሞቶ ነው እንዴ የሚጮኸው?» ይላታል። እሱ ራሱ ግን ወደዚያ ክፍል ዕቃ ሲያመጣ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል።

የሚያስፈራቸው እንዲህ ነው። ሙቢና ገብታ ሥራዋን ትጀምራለች። ትንሽ ቆይታ መቆጣጠሪያዋ ትጮኻለች። ሙቢና ምድጃውን ታጠፋና «ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ፣ ሰማሁህ» ብላ በሩን ከፍታ ትወጣለች። ያኔ ድምፁ ይቆማል። ተመልሳ ስትገባ ደግሞ ብዙም ሳትቆይ ይጮኻል። ዘመናይ «ቦታውን ልቀቂልኝ እያላት ነው» ትላለች። ሙቢና ትስቃለች። ትናንት ግን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ የሚያውቀውን ሰው አባሮ አያውቅም ነበር አለችኝ። በሳቅ አልነበረም።

እኔም ክር ወጥሬ ለክቻለሁ። ጠዋት 0.29 አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ እነ ከሊፋ ሊያዩ በር ላይ ተኮልኩለው ስለካ 0.5 ሆነ። መለኪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌላ ተዋስኩ፤ ያው ነው። አንዱ ንባብ እውነት ከሆነ ሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም።

የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም። ሳላውቀው አልመልሰውም። እስከዚያ አሲድ ማፍላቱን አስቁሜዋለሁ። አቶ ዲሪባ ተቆጥተዋል። የገበሬዎቹ ጆንያ ኮሪደር ላይ ተደርድሯል፤ ሰዎቹ በየጠዋቱ መጥተው ቆመው ያዩኛል።

ለሊሴ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለሊሴ፣

ሙቢና ስትወጣ ዝም ትላለች ብለሻል። ሙቢና ለመውጣት ምን ታደርጋለች? በር ትከፍታለች። ከሰዓት በኋላ ስትለኪ እነ ከሊፋ የት ነበሩ? በር ላይ። እስከዚህ አንቺም እንደደረስሽ እገምታለሁ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ዕዝራን ልጠይቀው ላቦራቶሪ መጥቼ ነበር። ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቆ፣ በሩ አጠገብ አድርጎ፣ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። «ዘበኛ ሆንክ እንዴ?» አልኩት። «ነፋሻ ቦታ እወዳለሁ» አለኝ። ሳቅን። ሻይ ጠጥተን ወጣን።

ዕዝራ ከልጅነቱ ብርድ አይችልም ነበር።

ወንበሩ አሁን የት ነው?

እንደሻው


አሰላ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

ሙንተሲር በመካከሉ አንድ ጊዜ ወደ እርስዎ ሄዷል። ይህ ደብዳቤ ያኔም ተጽፎ ነበር። አልሰጠሁትም። አሁን ሁሉንም እጽፋለሁ።

ወንበሩ ዕቃ ቤት ነው። በቀብሩ ማግሥት እንዲወጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጋቢው እንደተደረበበት ነበር። ማንም ሊያየው አልቻለም፤ ማንም ሊቀመጥበትም አልደፈረም። እኔ በእሱ ጊዜ በዘር ክፍል ስለነበርኩ ወንበሩ እዚያ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ሙቢናም ለክፍሉ አዲስ ናት። በሩ ስፕሪንግ አለው፤ ሲለቁት በራሱ ይዘጋል። ዕዝራ በወንበሩ ይዞት ነበር የሚሠራው። ለሐዘናችን ብለን ወንበሩን አነሣን፤ በሩ መዘጋት ጀመረ፤ መቆጣጠሪያዋም መጮኽ ጀመረች።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ወንበሩን አስመጥቼ በነበረበት አደረግሁት። አረንጓዴ በራ። ለካሁ፤ 0.5 ነው። ወንበሩን ሳብኩት፤ በሩ ተዘጋ፤ 0.29፤ ቀይ። መስኮቶቹ ለብርድ ተብለው ዙሪያቸው ታሽጓል። ሁዱ የሚያስወጣውን ያህል አየር ወደ ክፍሉ የሚገባበት ሌላ መንገድ የለም። በር ሲዘጋበት ይታፈናል።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። ቁጥርዎ ትክክል ነው። መቆጣጠሪያዋም አልዋሸችም። በሩ ክፍት እስከነበረ ድረስ ጭሱ በደንብ ይወጣ ነበር፤ ዕዝራ ደግሞ አንድም ቀን ዘግቶት አልሠራም። አሲዱን አልተነፈሰም። ለመቅደላዊትም ይንገሯት።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ደብዳቤውንም ያስቆየሁት ለዚህ ነው። ግን ምንም ቢሆን ጻፊልኝ ብለውኛል።

ዘመናይን ስለ ወንበሩ ጠየቅኋት። አምና በክረምት፣ ከኮሪደሩ የሚገባው ንፋስ የጭላሎ ተራራን ብርድ ይዞ ሲመጣ፣ ዕዝራ ሲያስለው ሰምታ ልትዘጋለት ተነሣች። ተዪው አላት። ትታመማለህ እኮ አለችው። ያላትን ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «አባቴ ሲለካው ክፍት ነበር።»

ከዚያ ከሊፋን ጠየቅሁት። ያን ቀን ያስታውሰዋል። የዕዝራ አባት መጥተዋል ተብሎ ከየክፍሉ ሰው ሰላም ሊልዎት ይመጣ ነበር። ሽማግሌ እንግዳ ገብቶ በር አይዘጋበትም፤ እሱ ራሱ በጀርባው ደግፎ ይዞት እንደነበር ነገረኝ። ሲነግረኝ ሳቀ። ወዲያው ግን ነገሩ ገባውና ፊቱን ወደ ዕቃዎቹ አዞረ።

ዕዝራ የተረዳው መቼ እንደሆነ አላውቅም። በሩን ከታች አስቆርጦ አየር እንዲገባበት ማድረግ ይችል ነበር። ለዚያ ግን የመጀመሪያው ልኬት በሩ ተከፍቶ መወሰዱን መጻፍ ነበረበት፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ነው።

ብርድ ሰው ይገድላል ብዬ አልጽፍልዎትም። አይገድልም ብዬም አልጽፍም። እኔ ሐኪም አይደለሁም።

አቶ ዲሪባ ያለ በቂ ምክንያት በር አይቆረጥም ብለዋል። ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። መስኮቶቹ መቼ እንደታሸጉ የሚያስታውስ የለም። ከእርስዎ ልኬት በኋላ ነው ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። ስምዎ አይነሣም። እንዲያ እንዳደርግ ከፈለጉ አንድ ቃል ይበቃኛል።

ለሊሴ


ድሬዳዋ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለሊሴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከገና በፊት ነው። መቅደላዊት በዓሉን በደስታ እንድትውል ብዬ ኪሴ ውስጥ አዋልኩት። ከዚያ በኋላ አሲዱ እንዳልሆነ ነገርኳት። አለቀሰች። ታዲያ ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ያን ቀን አስታወስኩት። አዲስ ኮት ለብሼ ነበር። የመጨረሻ ሥራዬ ስለሆነ ዕዝራ ለሚገባው ሁሉ «አባቴ ነው፣ አባቴ ነው» ይላል። እኔም ክሩን አየዋለሁ። የቀዩ ክር ጫፍ ወደ ውስጥ እየተሳበ ይርገበገብ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ። አርባ ዓመት በሥራው ላይ ስኖር ከመለካቴ በፊት በርና መስኮት ሳላይ ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን ከኋላዬ ሰው ሲስቅ፣ ሰው ሲገባ እሰማለሁ። ያኔ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። ዞሬ ግን በሩን አላየሁትም።

መስኮቶቹ ያኔም ታሽገው ነበር። የምጽፍልሽ እንድታውቂው ነው።

ስለዚህ እንደሆነው አድርገሽ ጻፊ። በመጀመሪያው ካሊብሬሽን በሩ ክፍት ነበር በይ። የለካው እንደሻው ነው በይ። ልጄ በወንበር ደግፎ ያቆየውን ስሜን አንቺ ደግሞ በወረቀት እንድትደግፊው አልፈልግም።

ቁጥሩን አታውርጂ። በሩን ከታች አስቆርጪና ፍርግርግ አስገጥሚበት። ከዚያ በሩን ዘግተሽ፣ ክሩን ወጥረሽ፣ እንደ አዲስ ለኪ። ሙቢና ከመውለዷ በፊት ከአሲድ ሥራ ትውጣ፤ ቁጥሩ ምንም ቢያምር።

አንድ ልመና አለኝ። አናጢው መጋዙን ከማንሣቱ በፊት በሩን ዝጉትና አንድ ጊዜ ትጩኽ። ወዲያው አትክፈቱላት። እኔ እዚያ ብሆንም አልሰማትም። እናንተ ስሙልኝ።

ብርዱ ነው ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም እንደጠየቅሁሽ አድርገሽ አትመልሺልኝ።

እንደሻው


አሰላ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

ጥምቀት በሰላም አለፈ። በበዓሉ እርስዎ ይቆሙበት በነበረው ቦታ የሚያውቁዎት ሽማግሌዎች ጠይቀውኛል፤ ደኅና ናቸው ብያለሁ።

እንዳሉት ጻፍኩ። አቶ ዲሪባ አንብበው ሲጨርሱ «ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያሉት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ አናጢው በራቸው ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ልመናዎን ፈጽመናል። ማንንም አልጠራሁም ነበር፤ ሁሉም መጡ። ሙቢና ውስጥ መግባት አለብኝ ብላ ገባች፤ አሲድ አልነበረም። ዘመናይ ገባች። ከሊፋም ገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሩን ለቀቅሁት። በራሱ ተዘጋ። ትንሽ ቆይታ ጮኸች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አያቋርጥም። ያለ ሥራ ቆሞ ሲያዳምጡት ቁጣ አይመስልም። የሚመስለውን መጻፍ አልችልበትም። ማንም ወደ በሩ አልሄደም። ከሊፋ ኮፍያውን አወለቀ። ቆይተን ቆይተን ሙቢና እንደ ልማዷ «ቶሌ ዕዝራ፣ ሰማንህ» አለችና ከፈተችው።

አናጢው ከዚያ በኋላ ገባ። በማግሥቱ በሩን ዘግቼ፣ እንደ እርስዎ ወደ ጎን ቆሜ ለካሁ። 0.48 ነው። አረንጓዴው በርቶ ዋለ። ሙቢናን ወደ ሚዛን ክፍል አዛውሬያታለሁ፤ አሲዱን እኔ እሠራለሁ። የሲሬዎቹ ገብስ ውጤት ወጥቷል፤ የጮሌዎቹም እየወጣ ነው። ጆንያዎቹ ከኮሪደሩ ተነሥተዋል።

አሁን በሩ ተዘግቶ ይውላል፤ ክፍሉም ይሞቃል። ዘመናይ «ሄደ» ትላለች። ስትገባ ግን አሁንም ስሙን ትጠራለች። እኔም በሩን ስለቅ እጄ እጀታው ላይ ይቆያል፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

ወንበሩንና ጋቢውን በሙንተሲር ልልክልዎት?

ለሊሴ


ድሬዳዋ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለሊሴ፣

0.48 መልካም ቁጥር ነው። በዓመቱ እንደገና ለኪው። ስትለኪ ዞረሽ በሩን እዪ።

ጋቢውን ላኪልኝ። ወንበሩ እዚያው ይሁን፤ ከበሩ ግን ይራቅ። ሙቢና በሰላም ከወለደች ትቀመጥበት።

ትናንት መቅደላዊት ከሥራ ስትመለስ የውጭውን በር በወንበር ይዤ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። የዚህ ቤት በር በራሱ አይዘጋም፤ ወንበር አያስፈልገውም። ይሄ ምን ይሠራል ብላ በእጇ ጠየቀችኝ።

ነፋሻ ቦታ እወዳለሁ አልኳት።

እንደሻው